በጣት የተቆጠረ ሰባት ቤት

ሙሉእመቤት ማንበብ የጀመረችው ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህን ስትናገር የሚሰማት ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው። አገር ቤት ሳለች ትምህርት ቤት የወንድሞቿ ነበር። እስራኤል፣ ቂርያት ማልአኪ ከገቡ በኋላ ኡልፓን፣ የአዲስ ገቢዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ተቀምጣ የዕብራይስጡን ፊደል አንድ ሁለት እያለች መለየት ስትጀምር ቤኤር ቱቪያ ሥራ ተገኘላትና ደብተሩን አጥፋ ተነሣች። እዚያ አንድ መጋዘን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ስታጥፍ፣ ፕላስተር ስትለጥፍ፣ ዕቃ ስትደረድር ኖረች። ስንት ሺህ ጽሑፍ በእጇ አለፈ፤ አንዱንም አላነበበችውም። ካርቶኑን በቀለሙና በሥዕሉ ነበር የምትለየው።

በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የዓይን ግፊት ያዛት፤ ወይም ቀድሞ ይዟት ኖሮ ያን ጊዜ ታወቀ። ዓለም ከዳር ከዳር እየተጠቀለለች መጣች። መጀመሪያ የበሩ መቃን ጠፋ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የባሏ የፈንቴ ትከሻ። በመጨረሻ ፊቱ ብቻ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚታይ ሆኖ ቀረና አንድ ክረምት እሱም ወተት ውስጥ እንደ ገባ ነገር ሰጠመ።

ብርሃኑ ሲሄድ ግን ጨለማ አልመጣም። ሥዕል መጣ። ጧት ጧት ጣሪያው ላይ ብጫ አበባ ይፈነዳል፤ ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው፣ ረድፍ በረድፍ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ቁመታቸው ከክንድ የማይበልጥ፣ በግድግዳው ሥር ተከታትለው ያልፋሉ። አይናገሩም፣ ዞረውም አያዩም። እነሱ አላስፈሯትም፤ ያስፈራት ሰው ቢሰማ የሚለው ነበር። ጎረቤት ብትሰማ ዛር ነው ትላለች። ያቭኔ የምትኖረው ልጇ ሺራን ብትሰማ ደግሞ በርራ መጥታ ሌላ ሐኪም ዘንድ ትጎትታታለች። ስለዚህ ዝም አለች። ፈንቴ ሥራ ሲውል እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የማያውቋትን እንግዶች ስታሳልፍ ትውል ጀመር።

ከማኅበራዊ አገልግሎት የመጣች አንዲት ሴት ነበረች በነጥብ የተጻፈ የዕብራይስጥ ገጽ መጀመሪያ ያመጣችላት። ሙሉእመቤት ሦስት ሳምንት ታገለች። ነጥቡ እንግዳ፣ ቋንቋውም በአፍ እንጂ በፊደል የማታውቀው፤ ሁለቱ አንድ ጣት ላይ ሲወጡ ከበዷትና ወረቀቱን መለሰች። ሴትዮዋ ግን የዋዛ አልነበረችም። አጠያይቃ አጠያይቃ ገዴራ ውስጥ የአማርኛ ብሬል የሚያውቅ አስራት የሚባል ሰው አገኘችላት።

አስራት ሃምሳውን ያለፈ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደው፤ ዘመዶቹ ከጎንደር ወስደው አዲስ አበባ አቅራቢያ ካለ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ እስራኤል የገባው ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ጧት ጧት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ ያስተላልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ለመጣ ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ፈንቴ እጇን ይዞ ያደረሳት ዕለት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር፤ ከግቢው የበሰለ ዘይቱን ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ደረጃውን ይወጣ ነበር። አስራት መጽሐፍ አልሰጣትም። እቤቷ እንቁላል ይኖር እንደሆነ ጠየቃት።

የአሥራ ሁለት እንቁላል ካርቶን ለሁለት ሲቆረጥ ስድስት ጎድጓዳ ይቀራል፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። የብሬል ፊደል ሁሉ ከዚህ ስድስት ቦታ አይወጣም። በግራ ካሉት ላይኛዋ ብቻ ስትሞላ «አ» የሚለው ድምፅ ነው፤ ላይኛዋና መካከለኛዋ ሲሞሉ «ብ»፤ ሦስቱም ሲሞሉ «ል»። ሳድሱ ብቻውን ይቆማል፤ ሌላው ድምፁን ከኋላው ያስከትላል። ቤቷ ገብታ ስድስት እንቁላል ቀቀለችና ጠረጴዛው ላይ ፊደል ማስቀመጥ ጀመረች።

በሁለተኛው ቀን «ል»ን ሠርታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ በጣቷ ዳበሰች፤ «ብ» ሆና ጠበቀቻት። ትንሽ አሰበችና ፈንቴን ከሳሎን ጠራችው። ከሥራ ርቦት ገብቶ ታችኛዋን እንቁላል በልቷታል። ሙሉእመቤት በሕይወቷ መጀመሪያ ያነበበችው ነገር የባሏን ሌብነት ነው። ሁለቱም ወንበር ይዘው ሳቁ፤ በዚያ ቤት እንዲያ ከተሳቀ ዓመት አልፎት ነበር።

ከእንቁላል ወደ ሽምብራ ወረደች፤ ካርቶን ላይ በሙጫ እየለጠፈች። ከሽምብራ ወደ ምስር። ምስሩ ላይ ግን ጣቷ እምቢ አለ። አስራት መዳፏን ተቀብሎ ዳሰሰና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፕላስተር ጣቷን ተረከዝ እንዳደረገው ነገራት። አልሠራ ያለውን ጣት ከማስገደድ ያልሠራውን ፈልጊ አላት። የግራ እጇ የቀለበት ጣት ተገኘ፤ ለስላሳ፣ ሰነፍ፣ ምንም ያልለፋ። በእሱ ጀመረች።

በመውጊያና በባለ ቀዳዳ ሰሌዳ መጻፍ ስትማር ጉድ አየች። ሲወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ሲነበብ ግን ከግራ ወደ ቀኝ። ፈንቴ ይህን ሲሰማ እንግዲያው ዕብራይስጥ ጽፈሽ አማርኛ ታነቢያለሽ ማለት ነው አላት። ለቅመም ቆርቆሮዎቿ ወረቀት እርጥበት አልችል ሲል አስራት ያረጀ የራጅ ፊልም እንድታመጣ ነገራት። የወገቧን ራጅ በመቀስ ቆራርጣ በላዩ ላይ ወጋች። ከዚያ ወዲህ እርዱም፣ አብሹም፣ ኮረሪማውም የሙሉእመቤትን አከርካሪ ለብሰው መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ። «ሽሮ» በሦስት ፊደል አለቀላት፤ «በርበሬ» ግን ሰባት ፈልጎ ከቆርቆሮው ዞሮ ከጫፉ ጋር ሊገናኝ ደረሰ።

ማጠር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የተመኘችው ያን ጊዜ ነው። አስራትም አወቀባት። በትምህርት ቤታቸው የእንግሊዝኛውን አጭር ብሬል ተምረው ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻዋን ቆማ ሙሉ ቃል የምትሆንበትን። ልጆቹ ያን አይተው ለአማርኛውም የየራሳቸውን ማሳጠሪያ አበጁ። «ል» ብቻዋን ስትቆም «ልጅ» ናት፤ «ው» ብቻዋን «ወለደ»፤ «ን» ብቻዋን «ነው»። ሙሉእመቤት በዚህ ተማረከች። ጣቷ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ከሥሯ ቃሉ ሙሉውን፣ እንደ ውኃ ውስጥ ዓሣ፣ ብልጭ ብሎ ይወጣል። አንዳንድ ቀን በአውቶቡስ ስትመለስ የእርሻው ሽታ በመስኮት ይገባና በጉልበቷ ላይ የሌለ ገጽ እየዳበሰች ቂርያት ማልአኪ መድረሷን የምታውቀው ሾፌሩ ሲጠራት ነበር።

አስራት ታዲያ አንድ ነገር አስጠነቀቃት። «ቃል ብታሳጥሪ ጎረቤቱ ቃል ይመልስልሻል። የሰው ስም ግን አታሳጥሪ፣ እቴ። ስምን የሚመልሰው የለም።»

እነዚያን ነጭ ለባሾችም ለእሱ ነው የነገረችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ገጹን ስታነብ መጥተው በጣቷ ፊት ማለፍ ጀመሩ፤ እሷም እስኪያልፉ ቆመች። ምን ሆነሽ ሲላት መደበቅ ሰለቻትና ተናገረች። አስራት አልሳቀም። ዓይናቸው ዘግይቶ የጠፋ ብዙ ሰዎች እንደሚያዩ፣ ዓይን ሥራ ሲፈታ አእምሮ የራሱን ሥዕል እንደሚስል፣ ሐኪሟም እንደሚያውቀው ነገራት። እሱ በልጅነቱ ስለ ጠፋበት አንድም እንግዳ መጥቶለት እንደማያውቅና እንደቀናባትም ጨመረ። ያን ቀን ከደረጃው ስትወርድ ከብዷት የነበረ ሸክም እዚያው የቀረ መሰላት።

ሺራን ኦዝ የሚባል የያቭኔ ልጅ ልታገባ መሆኗን የተናገረችው በታኅሣሥ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም የታወቀ። ነገር ግን እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት፤ ከሰባት ትውልድ ወዲህ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻ የለም። በሙሉእመቤት ቤት ይህን ቆጠራ በቃሏ የያዘች እናቷ ነበረች፤ እሷ ከሞተች ወዲህ የቀረችው የእናቷ ታናሽ እህት እልፍነሽ ብቻ ናት፤ ዘጠና የሚጠጋት፣ ከአስራት ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ገዴራ የምትኖር። ሙሉእመቤት እሷ ዘንድ ሄዳ በነጥብ ልትጽፈው ቆረጠች።

ስለዚህ በዚያ የዝናብ ወራት ከትምህርቷ በኋላ በረንዳው ላይ ከእልፍነሽ አጠገብ ትቀመጣለች። አሮጊቷ አንድ ስም ትልና ታሪኩን ታስከትላለች፤ ማን ማንን እንዳስጠጋ፣ የማን በሬ ገደል እንደ ገባ፤ ከዚያ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ታንቀላፋለች። ስትነቃ ደግሞ ሦስት ትውልድ ዘልላ ትገኛለች። መውጊያው አይደርስባትም። ሙሉእመቤት መጀመሪያ ቃላቱን አሳጠረች። አንድ ቀን ግን እልፍነሽ እንደ ጎርፍ ስትወርድባት ስሞቹንም ከራሳቸው ቆርጣ አስቀመጠች፤ ቤቴ ስገባ እሞላዋለሁ ብላ። ቤቷ ገባች፤ ፈንቴ ጉንፋን ይዞት አገኘችው፤ ነገሩ ተረሳ።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ማክሰኞ ሁለቱ ወገን ያቭኔ፣ የኦዝ ወላጆች ቤት ተሰበሰቡ። የኦዝ አያት አባ ደባሱ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ያለ ወረቀት፣ በትራቸውን በወለሉ ላይ እየነኩ ቆጠሩ። ኦዝ የተገኘ ልጅ፣ ተገኘ የደባሱ፣ ደባሱ የካሴ፣ ካሴ የመኮንን፣ መኮንን የአስረስ፤ የስሜኑ አስረስ። ሰባተኛውንም ጨምረው ጨረሱ። የፈንቴ ወገን በወንድሙ አፍ ተቆጠረ፤ የትም አልተነካካም። የቀረው የሙሉእመቤት የእናቷ መሥመር ነበር።

ገጾቹን ከቦርሳዋ አወጣች። መነጽሬ ይኸውላችሁ ብላ የቀለበት ጣቷን ስታሳይ አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ አነበበች።

«ሺራን የሙሉእመቤት ልጅ። ሙሉእመቤት የአለምነሽ። አለምነሽ የገብሩ። ገብሩ የወረታ፤ ወረታ ስሜን ያደገው። ወረታ የ…»

ጣቷ ቆመ። «አ»፣ «ስ»፣ ከዚያ ልሙጥ ወረቀት። ወደ ኋላ መለሰችው፣ እንደገና ሄደችበት። «አስ»፤ ሌላ የለም። የእልፍነሽ በረንዳ ትዝ አላት፤ አስረስ የሚል ስም በዚያ ከሰዓት በኋላ ሰምታለች፤ አስራደ የሚልም ሰምታለች። የትኛው ለወረታ እንደሆነ ግን በጉም ውስጥ እንደሚሰማ ድምፅ ራቀባት። አስረስ ከሆነ ሙሽሮቹ ስድስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ፤ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። አስራደ ብትል ደግሞ ወረቀቱን ከእሷ በቀር የሚያነብ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም የለም።

ነጭ ለባሾቹ መጡ። በገጹ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አለፉ፤ የመጨረሻው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ነበር። አትኩራ አየችው። አልገለጠላትም።

«አላውቀውም» አለች። «ስሙን አሳጥሬ ጻፍሁት። አስረስም አስራደም ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባ ደባሱ ብዙ ቆይተው የሚያውቅ ሰው በሕይወት እንዳለ ጠየቁ። እልፍነሽ ገዴራ እንዳለች፣ ስልክ ግን እንደማይሰማት ነገረቻቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ ኦዝም የመኪናውን ቁልፍ አነሣና «ያላ፣ እንሂድ» አለ። ፈንቴ ከእንግዶቹ ጋር ቀረ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሺራን እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረቻት።

«ኢማ፣ አስራደ ብትይ ምን ነበረበት? ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበዋለሁ።»

ሺራን ደረጃው ላይ ቆመች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ያለፈውን ሳላነብ ኖርሁ፣ ልጄ። አሁን ደግሞ ያልተጻፈውን አነበብሁ አልልም።»

«ቤሰደር፣ እሺ ኢማ» አለች ሺራን በቀስታ። ክንዷን አልለቀቀችም፤ እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከያቭኔ እስከ ገዴራ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሙሉእመቤት እንቅልፍ ውስጥ የሚሄዱ መሰላት። መስኮቱ ክፍት ነበር። የብርቱካን አበባ ሽታ እየመጣ፣ እየተቋረጠ፣ እየመጣ ከመኪናው ጋር ይሮጣል። ፀሐይዋ በፊቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር መንገዱ መታጠፉን አወቀች፤ ከዚያ ኦዝ ሞተሩን አጠፋ።

እልፍነሽ በረንዳው ላይ ተኝታለች። ሙሉእመቤት አጠገቧ ተንበረከከችና ጉልበቷን ነካ አድርጋ አፏን ከጆሮዋ አስጠጋች።

«እትዬ፣ ወረታ የማን ልጅ ነው?»

አሮጊቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በሕልሟ የጠየቋት ይመስል መለሰች። «ወረታ? የአስካለ ነዋ።»

አባ ደባሱ ጎንበስ ብለው ሴት ናት ወይ ሲሉ በጩኸት ጠየቁ። እልፍነሽ አሁን ነቃች። ሴት ናት እንጂ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አለች። ባሏ በላይ የተሰማ ልጅ፣ የወገራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ወረታ በሆዷ ሳለ ሞተባት። ሕፃኑን አዝላ ስሜን ወጣች፤ እዚያ አባቱን የሚያውቅ ስላልነበረ ልጁ በእናቱ ስም ተጠራ። የአስካለ አባት ይርጋ የደምቢያ ሰው ነው፤ እዚያው ተቀብሯል። ሙሉእመቤት ስለ አስረስና ስለ አስራደ ጠየቀቻት። ወንድማማቾች ናቸው፤ ጎጆ መቀለሻ ቦታ የሰጧት፤ ጎረቤት እንጂ ሥጋ አይደሉም፤ ይህን ሁሉ ነግሬሽ የለም እንዴ አለችና ወቀሰቻት።

አባ ደባሱ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደገሙና ቆጠሩ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«አይነካካም» አሉ። «ንጹሕ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ሙሉእመቤት ዞሩ። «ልጄ፣ አስራደ ብለሽ ብታልፊ ኖሮ ደግሞ ነገሩ ያው ነበር። የአስረስ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአባታቸው ሰባተኛው ቤት ላይ እንገናኝ ነበር። ሁለቱንም ስም ስትጠሪ ልቤ ወርዶ ነው ዝም ያልሁት።»

ሺራን የበረንዳውን ብረት ይዛ አለቀሰች፤ ኦዝ አጠገቧ ቆሞ ውኃ ላምጣልሽ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልመጣለትም። እልፍነሽ ማን እንደ ሞተ ጠየቀች፤ ማንም እንዳልሞተ፣ ሰርግ እንደሆነ ሲነግሯት እንዲያ ከሆነ መልካም ብላ ተመልሳ ተኛች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሙሉእመቤት ጥፋቷን ለአስራት ተናዘዘች። ገጹን ተቀብሎ ያችን «አስ» በጣቱ አገኛት፤ ነግሬሽ ነበር አላለም። ተማሪ ሳለ አንድ ፈተና ሙሉ በራሱ ማሳጠሪያ እንደ ጻፈ፣ መምህሩም ለራስህ ጽፈኸዋልና ራስህ አርመው ብለው እንደ መለሱለት ነገራት። ሙሉእመቤት ቆጠራውን እንደ አዲስ ጀመረች። ወፍራም ወረቀት ስላስፈለጋት ፈንቴ ከመሥሪያ ቤቱ ያለፉ ዓመታትን የግድግዳ ካላንደር ለምኖ አመጣላት። «ልጅ» እና «ወለደ» አጭር ሆነው ቀሩ፤ ስሞቹ ግን ሁሉም ሙሉ። አስካለም ከነባሏ፣ ከነአባቷ፣ ከነሸክላዋ ገባች።

ሰርጉ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ያቭኔ ተደረገ። ሙሉእመቤት ነጭ ለበሰች፤ እስክስታ ሲመታ ፈንቴ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ስትጠጋ ትከሻውን በእጇ እንድታገኘው አደረገ፤ ሁለቱም እስኪያልባቸው ጨፈሩ።

ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ አንድ ቀን በሯ ተንኳኳ። አባ ደባሱ ነበሩ፤ ከያቭኔ ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው። ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ስለ ሙሽሮቹ ተጫወቱ። ከዚያ ትንሽ እንደ ማፈር ብለው የእሳቸውን ቆጠራ ልትጽፍላቸው ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል፤ በቅርቡ ግን አንድ ጧት ተነሥተው የካሴ እናት ስም ጠፍቶባቸው እስከ እኩለ ቀን ሲፈልጉት ዋሉ።

ሙሉእመቤት ሰሌዳውን ዘረጋች፤ ወረቀቱን አስገባች። ቀስ ብለው እንዲሉላት ለመነቻቸው። አባ ደባሱ አንድ ስም አሉና መውጊያው እስኪያርፍ ድረስ ጠበቁ። መጀመሪያው መሥመር ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ እጃቸውን ያዘችና ሻካራ ጣታቸውን በነጥቦቹ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ የትኛው ነኝ?» አሏት።

«ከዚህ» አለች፣ ጣታቸውን ቀስ ብላ ወደ ቀኝ እየመራች፣ «እስከዚህ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን በራሳቸው መልሰው አንዴ ሄዱበት። ከዚያ ቀጠሉ። በዚያ ቀን አላለቀም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግመው መጡ፣ ከዚያም በሚቀጥለው።